ቀስ ብሎ የሚጎትት ዊንች

ይድረስ ለእትዬ፣

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ እንዴት ሆነሽ ያገኝሽ ይሆን? ጉልበትሽ እንዴት ነው? አራተኛ ፎቅ ላይ ቤት ተከራየች ብለው ሲነግሩኝ መጀመሪያ ያሰብኩት ጉልበትሽን ነው። ሥራውን ለመድሽው? አዲሶቹ ባልደረቦችሽስ እንዴት ይዘውሻል? እዚህ ሁላችንም ደህና ነን። ትልቋ ልጄ ቁመቷ እናቷን ሊደርስ ምንም አልቀረውም፤ ትንሿ የፊት ጥርሶቿን አውልቃ ስትስቅ አሮጊት መስላለች። የኩሽናውን ጣሪያ ዝናብ በስቶት ነበር፣ ደፍኜዋለሁ።

እኔም ደህና ነኝ። ይህን ስል ለደብዳቤ ወግ ብዬ አይደለም። የሚያመኝ የለም። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ በጠዋት ተነስቼ ጋራዡን እከፍታለሁ። ብቻ የሚሰማኝ ነገር የለም። ጥርስ ሊነቅሉሽ መርፌ ሲወጉሽ፣ ከንፈርሽን ስትነኪው የሌላ ሰው ከንፈር ይመስልሽ የለ? እንደዚያ ነኝ፣ ከራሴ እስከ እግሬ። ባለቤቴ ‹‹ሰውዬው ቤት አለ፣ ግን የለም›› ብላ ለጎረቤት ስትናገር ሰምቻታለሁ። አንድ ቀን ልትፈትነኝ ብላ ሻዬ ውስጥ በስኳር ፈንታ ጨው ጨመረችበት። ጠጥቼ ጨርሼ ብርጭቆውን መለስኩላት። ሳቀች። ከዚያ ኩሽና ገብታ ብዙ ቆየች።

ከሄድሽ ዓመት ከሰባት ወር ሆነ። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንዲት መስመር አልጻፍኩልሽም። ሁለት ጊዜ ስልክ ደውዬ ‹‹ሃሎ›› ስትይ ዘግቻለሁ፤ እኔ እንደሆንኩ ሳታውቂ አትቀሪም። ዛሬ የምጽፍልሽ ከጤና ቢሮ የተላከ ደብዳቤ በቅርቡ ስለሚደርስሽ ነው። የኔ እንዲቀድም ፈለግኩ። ከመሃል ከጀመርኩ ስለሚምታታብኝ ከመጀመሪያው ልነሳና አንቺ ታገሺኝ።

ዊንች ሠራሁ፣ እትዬ። በገዛ እጄ። ለጤና ጣቢያው ጂፕ ነው፣ ያው ለምታውቂው። አፍንጫው ላይ የነበረው በባትሪ የሚሠራ ዊንች፣ የብረት ገመዱን እየጠቀለለ መኪናውን ከጭቃ የሚያወጣው፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ሠርቶ አያውቅም። ፈትቼ አምጥቼ ጋራዡ ጥግ ላይ ጆንያ አልብሼው ነበር። በአጠገቡ ሳልፍ ወደዚያ አላይም። መጥረጊያ እንኳን ወደዚያ ጥግ አላስጠጋም ነበር።

ያን ቀን አንቺ ነበርሽ፣ እኔ አልነበርኩም። እኔ የማውቀው በስብሰባ ክፍሉ ሲነበብ የሰማሁትን ነው። ከወንዙ ማዶ ምጥ የጠናባት ሴት አለች ተብለሽ ተጠራሽ። ጂፑ ወንዙን ሊሻገር ሲል ጭቃ ዋጠው። ዊንቹ ሁለት ዙር ዞሮ ቆመ። ሻንጣሽን ተሸክመሽ ሁለት ሰዓት ተኩል በእግርሽ ሄድሽ። ሕፃኗ ተረፈች፣ እናቷ አልተረፈችም። መርማሪዎቹ ለምን እንደዘገየሽ ሲጠይቁሽ ስለ ዊንቹ አንድም ቃል ሳትተነፍሺ ‹‹ከጤና ጣቢያው ዘግይቼ ነው የተነሳሁት›› አልሽ። እሱው ተጻፈ። ከስምሽ ጎን ‹‹ቸልተኝነት›› የሚል ቃል ገባ፤ ሃያ ስድስት ዓመት ያዋለድሽበት ቦታ በአንድ ወረቀት ተዘጋብሽና ተዛወርሽ። እኔ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ነበር። ዞር ብለሽ አላየሽኝም። በወቅቱ፣ አላወቀችም ማለት ነው ብዬ በልቤ ተነፈስኩ። ይህንንም ልነግርሽ ይገባል።

ዊንቹን እንድሠራ ምክንያት የሆነችው በአንቺ ቦታ የመጣችው አዋላጅ ናት። አጭር ናት፤ ቡት ጫማዋ በሁለት ቁጥር ይበልጣታል፣ ስትራመድ ቧ ቧ ይላል። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ጋራዥ መጥታ ዊንቹ መቼ እንደሚጠገን ጠየቀችኝ። መሥሪያ ቤቱ አዲስ እንዲገዛ ሦስት ጊዜ ጽፋ መልስ አላገኘችም። እኔም ያንን አልጠግንም አልኳት። ለምን ብላ አፍጥጣ ስታየኝ፣ ሌላ እሠራለሁ፣ በዘይት ግፊት የሚሠራ፣ አልኩ። ከአፌ እስኪወጣ ድረስ አስቤበት አላውቅም ነበር። እሷም እሺ ብላ ቧ ቧ እያለች ሄደች።

የኔ ሥራ ያው እንደምታውቂው የዘይት ግፊት ነው፤ የገልባጭ መኪና ማንሻ፣ የሎደር ክንድ፣ የሚያፈስ ፓምፕ። በባትሪ የሚሠራ ዊንች አጥብቀሽ ስትፈልጊው ነው የሚደክመው። ትንሽ ሲስብ ይግላል፣ ባትሪውን ይጨርሳል። የዘይቱ ግን የመኪናው ሞተር እስከዞረ ድረስ አይደክምም፤ ውሃ ውስጥ ቢነክሩትም ደንታ የለውም። ጉድለቱ አንድ ነው፣ ቀርፋፋ ነው።

ፓምፑን ከተጣለ ፎርክሊፍት ላይ ፈታሁ። ገመዱን የሚያዞረውን ሞተር ያገኘሁት ከመንገድ መጥረጊያ መኪና ነው፤ ብሩሹን የሚያሽከረክርበት ነው፣ ሁለት ጭብጥ አያክልም፣ ጉልበቱ ግን ጉድ ነው። የዘይቱን ጋን ከአሮጌ የጭነት መኪና የነፋስ ጋን ቆርጬ በየድኩ። ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ ዘይቱን ወደ ጋኑ የሚመልስ መተንፈሻም አበጀሁለት፤ እሱ ከሌለ ወይ ገመዱ ይበጠሳል ወይ ቱቦው ይፈነዳል። በየቀኑ ጠዋት ደንበኛ ከመምጣቱ በፊት አንድ ሰዓት፣ አንድ ሰዓት ተኩል እሠራለሁ። ደስ ብሎኝ አልነበረም። ከፍቶኝም አልነበረም። እጆቼ ይሠራሉ፣ እኔ አያቸዋለሁ።

መጀመሪያ ስሞክረው ፓምፑ እንደተረገጠ ውሻ አለቀሰ። ጋኑን ስከፍት ዘይቱ ወተት መስሏል፣ አረፋ ብቻ። ሦስት ቀን ፈጀብኝ ምክንያቱን ለማግኘት። ለካ ጋኑን ከፓምፑ በታች አስቀምጬው፣ የሚስብበትን ቱቦ ደግሞ አጥብቤው፣ ፓምፑ ከዘይት ይልቅ አየር እየጎረሰ ነው። ለሃያ ዓመት የሰው ፓምፕ ስጠግን የኖርኩ ሰው የጀማሪ ስህተት ሠራሁ። ጋኑን ከፍ አድርጌ፣ ቱቦውን በወፍራም ቀይሬ ስሞክረው ዝም አለ። ጥሩ ፓምፕ ሲሠራ አይሰማም፣ ዝም ነው የሚለው።

በዚያው ሰሞን የግራ እጄ ሌባ ጣት በማርሹ ጥርስ መሃል ገብታ ነበር። ያወቅኩት ዘይቱ ቀላ ሲል ነው። በጨርቅ ጠቅልዬ ቤት ሄድኩ። ባለቤቴ ፈትታ ስታየው ጥፍሩ የለም። ‹‹አላመመህም?›› አለችኝ። ማመም ነበረበት አልኳት። ጠርጋ አሰረችልኝና አጠገቤ ቁጭ አለች። ከዚያ በኋላ ጨው የመጨመር ጨዋታ አልተጫወተችም።

ቀጥሎ የሚያስፈልገኝ ገመዱ የሚጠቀለልበት ከበሮ ነበር። ንድፉን ይዤ የቶርኖው ሰውዬ ዘንድ ሄድኩ። ጆሮው ከብረት ጩኸት ብዛት ደክሟል፤ የሚያወራው እንደ ስብሰባ መሪ ነው። ወረቀቱን አገላብጦ አየና ዝሆን ልትጎትትበት ነው ወይ ብሎ ሰፈሩን በሙሉ አሳቀብኝ። ከዚያ በቁም ነገር፣ ይህን የሚያህል ውፍረት ያለው ብረት የትም አታገኝም፣ የአሮጌውን ዊንች ከበሮ አውጥተህ ለምን አትጠቀምም አለኝ። ምክሩ ትክክል ነበር። እምቢ የምልበት ምክንያት አጣሁ።

በማግስቱ ጆንያውን አነሳሁት።

ከበሮውን ለማውጣት መጀመሪያ የባትሪውን ሞተር መፍታት ግድ ነው። የኋላው ክዳን በአራት ቡሎን ነው የሚታሰር። ሦስቱ አሉ። በአራተኛው ቀዳዳ ግን ቡሎን የለም፤ ጥቁር ክር ገብቶበት ከጎኑ ካለው የብረት ጆሮ ጋር ታስሯል። መጀመሪያ ቆሻሻ መስሎኝ በጥፍሬ ልቧጭረው ስል ቋጠሮውን አየሁት። ሁለቴ ወደ አንድ በኩል፣ ሦስተኛው ወደ ተቃራኒው፣ ጫፉ አጭር ተደርጎ የተቆረጠ። የቁስል መስፊያ ክር ነው። ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ከአጥር ወድቄ ቅንድቤን የሰፋሽልኝ ቀን፣ መስታወት ይዤ ቆጥሬዋለሁ ያንን ቋጠሮ። የእኔ ቡሎኖች አራት ነበሩ። አራቱንም አጥብቄያቸው ነበር።

ክሩን አልቆረጥኩትም። ሦስቱን ቡሎን ፈትቼ ክዳኑን ወደ ጎን አዞርኩት። ውስጡ ያሉት ካርቦኖች፣ ኤሌክትሪኩን ወደሚዞረው ክፍል የሚያስተላልፉት ሁለት ጥቁር ቁራጮች፣ እኔ በተውኳቸው ቦታ ነበሩ። የሚያህሉት ጥፍር ነው።

እትዬ፣ ከዚያ ቀን አንድ ሳምንት በፊት ዊንቹ እኔ ጋ ነበር። ከፍቼ አይቻቸዋለሁ። ማለቃቸውን አውቄያለሁ። አዲስ ለማስመጣት ሁለት ቀን ይፈጅ ነበር፤ የመንገድ ተቋራጩ ሎደር ደግሞ ግቢዬ ተፈታትቶ ተኝቶ፣ ሰውዬው በየሰዓቱ ይደውልብኝ ነበር። ለዚህ ክረምት ይበቃል አልኩ ለራሴ። ክዳኑን ገጠምኩት። አንቺ ከሥራ ስትመለሺ ጎራ ብለሽ ‹‹አለቀ?›› አልሽኝ፤ ‹‹አለቀ፣ ውሰዱት›› አልኩሽ። ትከሻዬን መታ አድርገሽ ሄድሽ። የሆነው ይኸው ነው። ሌላ የተደበቀ ታሪክ የለውም። አንድ ቃል ነው፣ ‹‹አለቀ››።

ያን ጠዋት ጎማ ላይ ተቀምጬ ብዙ ቆየሁ። አለቅሳለሁ ብዬ ጠብቄ ነበር። አልመጣም። ደንበኛ መጣ፣ ተነስቼ አስተናገድኩት።

ከሰዓት በኋላ ሬዲዮን ፈልጌ አገኘሁት። መቼም ሾፌራችሁ አንደበቱ እንዴት እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ። የሰውን ምሳ ሳይቀር የሚያወራ ሰው ነው፤ ሬዲዮ ያለው ሰፈሩ ነው፣ እሱም ስሙን ወዶታል። የመኪናውን መስታወት እየወለወለ ነበር። ክሩን አየሁት ብቻ ነው ያልኩት። ጨርቁን አጠፈና ኪሱ ከተተው። ከዓመት በላይ በሆዱ ይዞ የኖረውን ያን ዕለት በዝቅተኛ ድምፅ ነገረኝ። እኔ እሱን በዝቅተኛ ድምፅ ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም።

ዊንቹ ሲቆም ውሃው እስከ ወገባችሁ እንደነበር ነገረኝ። አንቺ ከመኪናው መፍቻ አውጥተሽ ክዳኑን ራስሽ እንደፈታሽው፣ አንዱ ቡሎን ከእጅሽ አምልጦ ውሃ እንደገባ፣ ውስጡን እንዳየሽ፣ ከዚያ መልሰሽ ገጥመሽ በክር እንዳሰርሽው ነገረኝ። ‹‹ውሃ ገብቶበት ነው፤ ማንም ቢጠይቅህ ውሃ ገብቶበት ነው የምትለው። ወንድሜን ማንም እንዳይጠይቀው›› አልሽው አለ። ይህን ብለሽ ሻንጣሽን ጭንቅላትሽ ላይ አድርገሽ ሄድሽ። ሬዲዮ ይህን ሲነግረኝ መሬት መሬቱን ነበር የሚያየው። ቃል አስገብታኝ ነው አለ፣ ዛሬም አንተ ባታየው ኖሮ አልናገርም ነበር።

እና እኔ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ አላወቀችም ብዬ ተነፈስኩ።

የክሩን ነገር እዚህ ላይ ልተወው። ከበሮውን አውጥቼ ሥራዬን ቀጠልኩ። ሸክሙ ወደ ኋላ ሊያዞረው በማይችል ማርሽ አያያዝኩት፤ ሰው መቆጣጠሪያውን ቢለቀው እንኳ መኪናው ተንሸራቶ አይመለስም። በአሥራ አንደኛው ሳምንት ጂፑ ላይ ገጠምኩት። በዚያው ሳምንት ጤና ቢሮ ሄድኩ።

ያኔ የነበረው ኃላፊ ተቀይሯል። አዲሱ ወጣት ቢጤ ነው፣ ጠረጴዛው ላይ የቤተሰቡን ፎቶ ወደ እንግዳው አዙሮ የሚያስቀምጥ ዓይነት። ዊንቹን የዘጋሁት እኔ ነኝ፣ አልቆ እያየሁ ሠርቷል ብዬ የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ እህቴ በጊዜ ነው የተነሳችው አልኩት። ለምን አሁን መጣህ ብሎ ጠየቀኝ። ጻፈው ብቻ አልኩት። ግራ ገብቶት ጸሐፊዋን ጠራት። ሰው ራሱን ሊከስ ሲመጣ የሚሞላ ቅጽ የላቸውም ለካ። የአቤቱታ ቅጽ አመጣችልኝ፤ አቤቱታ አቅራቢ በሚለው ላይ የኔ ስም፣ አቤቱታ የቀረበበት በሚለው ላይም የኔ ስም ገባ። ጸሐፊዋ ሳቋ ሊያመልጣት ሲል ዓይኔን አየችና ተወችው። ፈረምኩ። ጋራዤ ከመሥሪያ ቤቱ የሥራ ዝርዝር ወጥቷል። ሌላ ምን እንደሚከተል አልነገሩኝም። ዊንቹን ግን ሊመልሱልኝ አልቻሉም፤ ከመኪናው ጋር ተበይዷል። መሐንዲስ ላኩና በመዶሻ እየኳኳ፣ ከጭነት መኪና ጋር እያሰረ ግማሽ ቀን ፈተነው። በመጨረሻ ‹‹አስቀያሚ ነው። ይሠራል›› ብሎ ፈረመ።

አንድ ነገር ብቻ ቀረ። ዊንች የሚይዘው ነገር ካላገኘ የትም አይስብም፤ በወንዙ ዳር ደግሞ ዛፍ የለም፣ ታውቂዋለሽ፣ አሸዋና ገመድ የሚያንሸራትት አንድ ትልቅ አለት ብቻ ነው። አዋላጇ አለቱ ላይ የብረት ቀለበት ቢተከልስ አለች። ሬዲዮ ከማዶ ካለው መንደር አንድ ድንጋይ ፈላጭ አለ፣ እጁ ጥሩ ነው አለና ዝም አለ። ዝም ሲል ማን እንደሆነ ገባኝ። ባሏ ነው። የዚያች ሴት ባል።

ቀለበቱን ሠርቼ ይዤ ሄድኩ። ከኔ ቀድሞ ደርሶ አለቱን በመዳፉ እየደበደበ ያዳምጥ ነበር፤ የትኛው ቦታ ውስጡ ያልተሰነጠቀ እንደሆነ በድምፁ ያውቃል። ቀጭን ሰው ነው፣ ቅንድቡ ሳይቀር ድንጋይ የለበሰ። ሰላም ተባባልን። እኔ መሰርሰሪያውን ብረት ይዤ አዞርለታለሁ፣ እሱ በመዶሻ ይመታል። አንድ ክንድ የሚያህል ቀዳዳ ነው የሚያስፈልገው። እስከ እኩለ ቀን መታ።

መሃል ላይ ነገርኩት። መዶሻው እየወረደ፣ ብረቱን እንደያዝኩ። ቢፈልግ እጄን ሊመታው ይችል ነበር፤ የነገርኩት ለዚያ ይሆን እንዴ ብዬ ኋላ ራሴን ጠይቄያለሁ። ካርቦኑን ነገርኩት፣ ሎደሩን ነገርኩት፣ ‹‹አለቀ›› ማለቴን ነገርኩት። መምታቱን አላቆመም። አልፈጠነም፣ አልዘገየም። ቀዳዳው ሲያልቅ አቧራውን በትንፋሹ አውጥቶ፣ ውሃ ጠጥቶ፣ ለኔም አቀበለኝ።

‹‹እሷ ግን በእግሯ መጥታለች›› አለኝ። ‹‹እስከዚህ ድረስ ረጥባ።›› ደረቱን አሳየኝ።

ሲሚንቶውን አብረን አቦካን፣ ቀለበቱን ተከልን፣ በሦስተኛው ቀን ተመለስ ብሎኝ ወንዙን ተሻግሮ ሄደ። ሬዲዮ በኋላ እንደነገረኝ ልጅቷ ከአያቷ ጋር ናት፣ መራመድ አልፋ ሮጣ ታመልጣቸዋለች አሉ።

በሦስተኛው ቀን ሬዲዮ ጂፑን ሆነ ብሎ ጭቃው ውስጥ ነዳው። እስከ ጎማዎቹ ዘንግ ሰመጠ፣ አንቺን በያዘበት ቦታ ማለት ነው። አዋላጇ ጫማዋን አውልቃ ዳር ላይ ቆማለች። ገመዱን ስቤ ቀለበቱ ላይ አሰርኩት። ድንጋይ ፈላጩ አለቱ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ተነስቶ ወደ ዊንቹ ጎንበስ አለና ቱቦዎቹን፣ ጋኑን፣ መቆጣጠሪያውን አንድ በአንድ አየ።

‹‹አሁን ይሠራል?›› አለኝ።

‹‹ይሠራል›› አልኩት። ይህን ቃል ከአፌ ለማውጣት የወሰደብኝን ጊዜ እሱም አይቷል።

‹‹እንግዲያው ሳብ።››

መቆጣጠሪያውን ገፋሁት። ገመዱ ከውሃው ተነስቶ ተወጠረ፣ ጠብታው ረገፈ። ቀለበቱ አልተነቃነቀም። መኪናው መጀመሪያ ምንም አላደረገም። ከዚያ ጭቃው ከሥሩ እንደሚጠባ ሕፃን ድምፅ አሰማና ለቀቀው። እንደ ሰዓት ቆጣሪ ነው የሚሄደው፤ ዓይንሽን ነቅለሽ መልሰሽ ካላየሽው መንቀሳቀሱን አታውቂም። አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ፈጀ። የፊት ጎማዎቹ ደረቁን ሲይዙ ድንጋይ ፈላጩ መዳፉን ሞተሩ ላይ አሳረፈ። አልጋለም አለ። መዶሻውን አንስቶ ትከሻው ላይ አድርጎ ተሻገረ። ማዶ ከደረሰ በኋላ ዞሮ አለቱን አየ። እኔን ይሁን ቀለበቱን ማወቅ አልቻልኩም።

ምን ተሰማህ ብለሽ አትጠይቂኝ። ገመዱን ጠቅልዬ ልብሴን አጠብኩ። ከዚያ ወዲህ ጂፑ ሁለት ጊዜ በዊንቹ ተሻግሯል፤ ለማን እንደሄዱ፣ ምን እንደሆነ አልጠየቅኩም። ሬዲዮ ሊነግረኝ ሲጀምር ሥራ አለኝ አልኩት። አንድ ቀን እጠይቀው ይሆናል።

ያደረግሽውን ሳላማክርሽ እንዳፈረስኩት አውቃለሁ። ትቆጪኝ ይሆናል፤ ተቆጪ። እናታችን ስትሞት እኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ አንቺ የአሥራ ስምንት። ከዚያ ወዲህ ያጠፋሁትን ሁሉ ጎረቤት ሳያይ ስታጠፊልኝ ኖረሻል፤ የሰበርኩትን መስኮት፣ የጣልኩትን ደብተር። አሁን አርባ ሦስት ዓመቴ ነው። ተመለሽልኝ ብዬ አልለምንሽም፣ ይቅር እንድትይኝም አልጻፍኩም። የምለምንሽ አንድ ነገር ብቻ ነው።

ከቢሮው የሚደርስሽ ወረቀት ላይ ጥያቄዎቹ ሦስት ናቸው። ጸሐፊዋ አሳይታኛለች። ሦስተኛው ‹‹በዕለቱ ከጤና ጣቢያው በስንት ሰዓት ተነሱ?›› ይላል። ሬዲዮ መዝገቡን አውጥቶ አሳይቶኛል፤ ጥሪው ከደረሰሽ ስድስት ደቂቃ በኋላ ነው የተነሳችሁት። ጠዋት ሁለት ሰዓት ከአሥር። እባክሽ እትዬ፣ ሰዓቱን እንዳለ ጻፊው።

ልጆቹ ጉንጭሽን ይስማሉ። ባለቤቴ ሰላም ብላሻለች፤ ይህን ስጽፍ ከኋላዬ ቆማ ነበር፣ አሁን ሄዳለች። እጅሽ ያረፈባት ሁሉ በሰላም ትገላገል። ዕድሜሽን ያርዝመው፣ የደከምሽበትን አይቶ የሚክስሽ አምላክ አይለይሽ።

ያሳደግሽው ወንድምሽ